አራት ሰከንድ ከግማሽ ስለ አንድ ወጣት ምን ይነግረናል?

ባለፈው ዓመት በታኅሣሥ ወር፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ስልኬ ጮኸ። ደዋዩ በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ከወላጆቹ ጋር የሚኖረው የእኅቴ ልጅ ነበር። "ጋሼ፣ 4.41 ሮጥኩ!" አለኝ፤ ሰላምታውንም ረስቶታል። ልጁ የሃያ አንድ ዓመት ወጣትና የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ሲሆን ለዩኒቨርሲቲው የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን ይጫወታል። 4.41 ያለውም 40 ያርድ፣ ማለትም 36.6 ሜትር፣ የሮጠበትን ሰዓት በሰከንድ ነው። ቀጥላ እናቱ ስልኩን ተቀበለችና "ወንድምዓለም፣ አንተ የተማርክ ሰው ነህ፤ ይህ ልጅ ትምህርቱን አቋርጦ ወደ ፕሮፌሽናሉ ይሂድ ወይስ አንድ ዓመቱን ይጨርስ? ቁርጡን ንገረኝ" አለችኝ።

እንቅልፌ በዚያው ጠፋ። የፊዚክስ መምህር ነኝና ሰዎች ከእኔ ቁርጥ ያለ መልስ ቢጠብቁ አይገርመኝም። የድንጋይን አወዳደቅ እስከ ሰከንድ ክፍልፋይ የሚያሰላ ሰው የአንድን ወጣት የነገ ዕድል ለማስላት እንዴት ያቅተዋል? ነገር ግን ጥያቄው ከድንጋዩ ይልቅ የከበደ ነው፤ የከበደበትም ምክንያት ለሳይንስ ተማሪዎች ትልቅ ትምህርት አለው ብዬ አምናለሁ። በዚህ ጽሑፍ አንድ ወጣት ኳስ ተቀባይ ወደፊት ምን ሊሆን እንደሚችል እንዴት መገመት እንዳለብን፣ ምንስ መገመት እንደማንችል የግል አስተያየቴን አቀርባለሁ። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢያን ልብ እንዲሉልኝ እጠይቃለሁ።

ጨዋታው በአጭሩ

የአሜሪካ እግር ኳስ እኛ ከምናውቀው እግር ኳስ ጋር የሚጋራው ስሙንና በአንድ ወገን የሚሰለፉትን የአሥራ አንድ ተጫዋቾች ቁጥር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ኳሷ ሞላላ ስትሆን 0.41 ኪሎ ግራም ገደማ ትመዝናለች። ኳርተርባክ የሚባለው ተጫዋች ይወረውራታል፤ ዋይድ ሪሲቨር የሚባለው ደግሞ ከሜዳው ዳር ተነሥቶ፣ አስቀድሞ በተስማሙበት መንገድ ሮጦ፣ ከተከላካዩ አምልጦ ይቀበላታል። በዚህ ጽሑፍ "ተቀባይ" የምንለው እርሱን ነው።

ኤን.ኤፍ.ኤል. በመባል የሚታወቀው የፕሮፌሽናል ሊግ 32 ቡድኖች አሉት። ቡድኖቹ በየዓመቱ በጸደይ ወራት ድራፍት በሚባለው ሥርዓት፣ በሰባት ዙር፣ በየተራቸው ወደ 260 የሚጠጉ ወጣቶችን ይመርጣሉ። ከእነዚህ ውስጥ ተቀባዮቹ ሠላሳና ከዚያ ትንሽ የሚበልጡ ናቸው። ለምርጫው ለመቅረብ አንድ ወጣት ሁለተኛ ደረጃን ካጠናቀቀ ቢያንስ ሦስት ዓመት ሊሞላው ይገባል። በሌላ በኩል ለምርጫው ብቁ ከሆኑት የዩኒቨርሲቲ ተጫዋቾች መካከል የሚመረጡት ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞሉም። አስቀድሞ የሚታወቀው ይህ መነሻ ቁጥር ነው፤ ማንኛውም ግምት ከእርሱ መጀመር አለበት። አንድ ወጣት "እኔ ከሌሎቹ እለያለሁ" ሲል ሊያስረዳ የሚገባውም ከዚህ ቁጥር በምን ያህልና በምን ማስረጃ እንደሚርቅ ነው።

ከድራፍቱ አስቀድሞ ከ300 የሚበልጡ ተጋባዦች ኢንዲያናፖሊስ በምትባለው ከተማ ለፈተና ይሰበሰባሉ። ኮምባይን የተባለው ይህ ፈተና ከ1987 ጀምሮ በዚያው ከተማ ሲካሄድ ቆይቷል። ወጣቶቹ ይመዘናሉ፣ ይዘላሉ፣ ክብደት ይገፋሉ፣ በሐኪም ይመረመራሉ፣ ቃለ መጠይቅ ይደረግላቸዋል። ከሁሉ በላይ ግን የሕዝቡ ዓይንና የጋዜጠኛው ብዕር የሚያርፈው በ40 ያርዱ ሩጫ ላይ ነው። የእኅቴ ልጅም በዚያ ሌሊት የነገረኝ ስንት ኳስ እንደተቀበለ ሳይሆን በስንት ሰከንድ እንደሮጠ መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም።

ሰዓቱ ራሱ ምን ያህል እውነት ነው?

ማንኛውም የላቦራቶሪ ተማሪ የመጀመሪያ ጥያቄው "የልኬት ስሕተቱ ስንት ነው?" የሚል መሆን አለበት። እኔም "ማን ነው የለካህ?" ብዬ ጠየቅሁት። "አሠልጣኛችን በእጅ ሰዓት" አለኝ። እዚህ ላይ አንድ የታወቀ ችግር አለ። የሰው ዓይን አይቶ፣ አእምሮ አዝዞ፣ ጣት እስኪጫን ድረስ 0.2 ሰከንድ ያህል ያልፋል። ሯጩ ሲነሣ ለካዩ ዘግይቶ ይጫናል፤ ሯጩ ወደ መጨረሻው መስመር ሲቃረብ ግን መድረሻውን አስቀድሞ ስለሚያየው አይዘገይም። ስለዚህ በእጅ የተለካ ሰዓት ከእውነተኛው ያጥራል። በአትሌቲክስ በ100 ሜትር በእጅ የተለካን ሰዓት ከኤሌክትሮኒክሱ ጋር ለማነጻጸር 0.24 ሰከንድ መጨመር የተለመደውም በዚሁ ምክንያት ነው። በኮምባይኑ እንኳ ማብቂያው በጨረር የሚያዝ ቢሆንም መነሻውን የሚያስጀምረው የሰው እጅ ነው። እንግዲህ የእኅቴ ልጅ 4.41 በተስተካከለ መሣሪያ ቢለካ ከ4.5 በላይ፣ ምናልባትም 4.6 ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ልዩነቱ በሜዳ ላይ ሲታይ ምን ያህል ነው? በሩጫው ማብቂያ ላይ ወጣቱ በሰከንድ ከ9 ሜትር በላይ እየተጓዘ ነው። ስለዚህ የ0.1 ሰከንድ ልዩነት ወደ 90 ሴንቲሜትር ይሆናል። ይህ ርቀት ትንሽ አይደለም፤ ኳሷን ለመቀበልና በተከላካዩ እጅ ለመነጠቅ ይበቃል። ነገር ግን በእጅ መለካት የሚያመጣው ስሕተት ራሱ ከዚህ ልዩነት ይበልጣል። ከስሕተቱ ያነሰ ልዩነትን ይዞ ሁለት ወጣቶችን ማበላለጥ በሳይንስ ቋንቋ ትርጉም የለውም።

ሌላም ነገር አለ። ቀነኒሳ በቀለ በ2005 በብራስልስ 10,000 ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ ሲሮጥ ሰዓቱ ጨዋታው ራሱ ነበር። በሩጫ የሚለካውና የሚፈለገው አንድ ነው። በአሜሪካ እግር ኳስ ግን የሚፈለገው ነገር ኳስ ተቀብሎ ቡድኑን ወደፊት ማራመድ ሲሆን ሰዓቱ የእርሱ ወኪል ብቻ ነው። ወኪል ሁሉ ደግሞ የላከውን ሰው ሙሉ ቃል አያደርስም።

በቀጥታ መሮጥና መታጠፍ

ወኪሉ ከሚያስቀራቸው ነገሮች ዋናው መታጠፍ ነው። ኳርተርባኩ ብዙ ጊዜ ከሁለት ተኩል እስከ ሦስት ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ኳሷን ይለቃታል። ስለዚህ 40 ያርዱን ሙሉ በቀጥታ ሮጦ መጨረስ በጨዋታው ውስጥ አልፎ አልፎ ብቻ የሚያጋጥም ነው። ተቀባዩ አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ሜትሮች ሮጦ፣ ድንገት ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ይታጠፋል።

መታጠፍን በሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ መመርመር ይቻላል። በክብ መንገድ ለመዞር የሚያስፈልገው ወደ መሐል የሚስብ ሽምጠጣ፣ የፍጥነት ካሬ ለክቡ ሬዲየስ ሲካፈል የሚገኘው ነው። ይህን ሽምጠጣ የሚሰጠው በጫማውና በሣሩ መካከል ያለው ሰበቃ ነው። ሰበቃው ቢበዛ በሰከንድ ካሬ 10 ሜትር ያህል ሽምጠጣ ይሰጣል ብለን እናስብ። በሰከንድ 9 ሜትር የሚሮጥ ተጫዋች ፍጥነቱን ሳይቀንስ ቢታጠፍ ሬዲየሱ ከ8 ሜትር በላይ ይሆናል፤ ይህ እንደ ከባድ መኪና ሰፊ ቦታ ይዞ መዞር ነው። ፍጥነቱን ወደ 4 ሜትር በሰከንድ ቢቀንስ ግን በ1.6 ሜትር ሬዲየስ ይታጠፋል።

እንግዲህ ጥያቄው "ምን ያህል ይፈጥናል?" ከሚለው ወደ "ምን ያህል ቶሎ ይቆማል?" ወደሚለው ተለወጠ። አንዱ ተጫዋች በየሰከንዱ 5 ሜትር በሰከንድ መቀነስ ቢችል ከ9 ወደ 4 ለመውረድ አንድ ሙሉ ሰከንድና 6.5 ሜትር ይፈጅበታል። ሌላው በየሰከንዱ 6.25 መቀነስ ቢችል 0.8 ሰከንድና 5.2 ሜትር ይበቃዋል። ሁለተኛው ለተከላካዩ "ልታጠፍ ነው" የሚል ምልክት የሚያሳየው ከመጀመሪያው 1.3 ሜትር ዘግይቶ ነው። ይህ ችሎታ በቀጥታ ሩጫ ሰዓት ላይ ፈጽሞ አይታይም።

ኳስ መቀበልም የራሱ ፊዚክስ አለው። በሰከንድ 20 ሜትር የምትመጣ ኳስ 82 ጁል ያህል አቅም ይዛ ትመጣለች። እጁን ያደነደነ ተቀባይ በ10 ሴንቲሜትር ውስጥ ሊያቆማት ቢሞክር አማካዩ ጉልበት 820 ኒውተን ይደርሳል፤ ይህም የአንድ ሙሉ ሰው ክብደት ነው። እጁን ወደ ሰውነቱ እየሳበ በ30 ሴንቲሜትር ውስጥ የሚያቆማት ግን 273 ኒውተን ብቻ ይገጥመዋል። ጥሩ ተቀባይ ኳሷን እንደ እንቁላል ይቀበላታል የሚባለው ለዚህ ነው።

የጥንድ ታሪኮች አደጋ

እዚህ የደረሰ አንባቢ "እንግዲያው ፍጥነት ከንቱ ነው" ለማለት ሊቸኩል ይችላል። ይህን የሚደግፉ ታሪኮችም ሞልተዋል። በ2017 ጆን ሮስ 40 ያርዱን በ4.22 ሰከንድ ሮጦ የኮምባይኑን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ በድራፍቱም 9ኛ ሆኖ ለሲንሲናቲ ቤንጋልስ ተመረጠ። በመጀመሪያው የውድድር ዘመኑ ግን አንድም ኳስ ሳይቀበል ቀረ። በዚያው ዓመት በ4.62 የሮጠው ኩፐር ካፕ 69ኛ ተመረጠ፤ በ2021 የውድድር ዘመን ግን 145 ኳሶች ተቀብሎ በ1,947 ያርድ ሊጉን መራ። ወደ ኋላም ብንሄድ እንዲሁ ነው። የ110 ሜትር መሰናክልን ለመጀመሪያ ጊዜ ከ13 ሰከንድ በታች የሮጠው ሬናልዶ ነሄማያ በ1982 ሳን ፍራንሲስኮ ፎርቲናይነርስን ተቀላቅሎ በሦስት የውድድር ዘመናት የተቀበላቸው ኳሶች 43 ብቻ ናቸው። እርሱ ከሄደ በኋላ፣ በ1985፣ ያው ቡድን በሩጫ ሰዓቱ ያልተደነቀውን ጄሪ ራይስን 16ኛ አድርጎ መረጠ። ከራይስ በፊት ሌሎች ሁለት ተቀባዮች ተመርጠው ነበር። ራይስ ግን በ20 የውድድር ዘመናት 1,549 ኳሶች ተቀብሎ 22,895 ያርድ በመሰብሰብ ተወዳዳሪ የሌለው ሆነ።

ታሪኮቹ እውነት ናቸው፤ ግን ማስረጃ አይደሉም። ተቃራኒዎቻቸውንም መደርደር ይቻላልና። አበበ ቢቂላ ሁለተኛውን የማራቶን ወርቁን ባገኘበት በ1964ቱ የቶኪዮ ኦሊምፒክ በ100 ሜትር ያሸነፈው ቦብ ሄይስ ነበር። ሄይስ በቀጣዩ ዓመት ለዳላስ ካውቦይስ ተቀባይ ሆኖ መጫወት ጀመረ፤ አንድ ተከላካይ ብቻውን ሊከተለው ስላልቻለም የተከላካዮችን አሰላለፍ ካስለወጡት ተጫዋቾች አንዱ ለመሆን በቃ። በ1998 የተመረጠው ራንዲ ሞስም ረዥምና እጅግ ፈጣን ነበር፤ በመጀመሪያው ዓመቱ 17 ተችዳውን አስቆጥሯል። ጥንድ ታሪክ የሚመርጥ ሰው የሚፈልገውን ሁሉ ማስረዳት ይችላል። ስለዚህ ከታሪክ ወደ ብዛት መሄድ ያስፈልጋል።

የራሴ ስሕተት

በዚያች ሌሊት እንቅልፍ ስላልወሰደኝ ኮምፒዩተሬን ከፍቼ ባለፉት ዓመታት የተመረጡ ተቀባዮችን የሩጫ ሰዓትና በሊጉ የሰበሰቡትን ያርድ በግራፍ ላይ አስቀመጥኩ። ነጥቦቹ እንደ ተበተነ ጤፍ ሆኑብኝ፤ መስመር ሊሠራላቸው የሚችል አልነበሩም። ደስ ብሎኝ ለእኅቴ ልጅ "ፍጥነትህ ምንም አይናገርም፤ እርሳው" የሚል መልእክት ላክሁለት። ጠዋት ቁርሴን እየበላሁ ግን ዐይኔ ተገለጠ። ለተማሪዎቼ በየዓመቱ የማስጠነቅቀውን ስሕተት ራሴ ሠርቼው ነበር።

ግራፉ ላይ የነበሩት የተመረጡት ብቻ ናቸው። በ5.2 ሰከንድ የሚሮጥ ተቀባይ በግራፉ ውስጥ የለም፤ ማንም አልመረጠውምና። ያሉት ሁሉ በጠባብ ክልል ውስጥ የሚገኙ ፈጣኖች ናቸው። ከእነርሱም መካከል ዘገምተኞቹ ሊመረጡ የቻሉት በሌላ ነገር፣ በእጃቸው ወይም በአእምሯቸው ወይም በአታጣጠፋቸው፣ ልዩ ስለነበሩ ነው። ኩፐር ካፕ በ4.62 ሰከንድ ሊመረጥ የቻለው ሌላው ነገሩ ሁሉ የላቀ ስለነበር ነው። በአንጻሩ እጅግ ፈጣኑ ሌላ ጉድለት ቢኖርበትም ፍጥነቱ አማልዶት ይመረጣል። ስለዚህ በተመረጡት መካከል ብቻ ስናይ በፍጥነትና በውጤት መካከል ያለው ተዛምዶ ይደበዝዛል። ከዚህ ተነሥቶ "ፍጥነት አያስፈልግም" ማለት ግን ስሕተት ነው።

ይህን በራሳችን ግቢ ማየት ይቻላል። በአንደኛ ዓመት የፊዚክስ ክፍሌ የመግቢያ ፈተና ውጤታቸው የሚበልጥ ተማሪዎች ሁልጊዜ የተሻለ ውጤት አያመጡም። ሰዎች ይህን አይተው "የመግቢያ ፈተናው ከንቱ ነው" ሲሉ እሰማለሁ። ነገር ግን ክፍሌ ውስጥ ያሉት ፈተናውን ያለፉት ብቻ ናቸው፤ ያላለፉት ቢገቡ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ከዚያ ክፍል ውስጥ ሆኖ ማወቅ አይቻልም። ትክክለኛው መደምደሚያ ይህ ነው፦ ደጃፉን ለማለፍ ቁጥሩ ያስፈልጋል፤ ደጃፉን ካለፉ በኋላ ግን በአለፉት መካከል ለማበላለጥ ብዙ አይረዳም። ለእኅቴ ልጅ የይቅርታ መልእክት ላክሁለት። "ጋሼ፣ ፕሮፌሰርም ይሳሳታል?" ብሎ ሳቀብኝ። "የሚማረውስ ከምን ሆነና!" አልኩት።

እንግዲህ ምን እንለካ?

በእኔ አስተያየት አንድን ወጣት ተቀባይ የሚመዝን ሰው ከሰዓቱ በፊት ሊመለከታቸው የሚገቡ ሦስት ነገሮች አሉ።

አንደኛው ድርሻ ነው። 1,000 ያርድ የሰበሰበ ተቀባይ 800 ከሰበሰበው ይበልጣል? ሁልጊዜ አይደለም። የመጀመሪያው ቡድን በአጠቃላይ 4,000 ያርድ በውርወራ ቢያገኝ የተቀባዩ ድርሻ ከመቶ 25 ነው። የሁለተኛው ቡድን 2,000 ብቻ ካገኘ ግን ድርሻው ከመቶ 40 ይሆናል። ጥሬ ቁጥር የቡድኑን ሀብት ለተጫዋቹ ይቆጥርለታል፤ ድርሻ ግን በቡድኑ ውስጥ አሠልጣኙና ኳርተርባኩ ምን ያህል እንደተማመኑበት ያሳያል።

ሁለተኛው ዕድሜ ነው። በ19 ዓመቱ ከ22 ዓመት ጎልማሶች ጋር ተሰልፎ የላቀ ወጣትና በ23 ዓመቱ ከታናናሾቹ ጋር ተሰልፎ የላቀ ወጣት እኩል ያርድ ቢሰበስቡ እንኳ እኩል አይደሉም። የመጀመሪያው ገና እየወጣ ያለ ጠመዝማዛ ላይ ነው፤ ሁለተኛው ወደ ጫፉ ሳይደርስ አልቀረም። እኔ ከሰዓቱ ይልቅ ለዚህ የበለጠ ክብደት እሰጣለሁ።

ሦስተኛው የናሙናው ስፋት ነው። የዩኒቨርሲቲ ቡድን በአንድ የውድድር ዘመን የሚያደርጋቸው መደበኛ ጨዋታዎች 12 ናቸው። የእኅቴ ልጅ በዚያ ዓመት ከተወረወሩለት 90 ኳሶች 60ውን ተቀብሏል፤ ይህም ከመቶ 67 መሆኑ ነው። የናሙና ስሕተቱን ያሰላ ሰው ወደ 5 ነጥብ ያህል ያገኛል። ስለዚህ እውነተኛው ችሎታው ከመቶ ከ57 እስከ 77 ባለው ክልል ውስጥ የትም ሊሆን ይችላል። 57 ተራ ተቀባይ ነው፤ 77 እጅግ ድንቅ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ የፈጀ ላብ እነዚህን ሁለቱን ለመለየት አልበቃም! ይህን ስነግረው ዝም አለ። እውነቱን ለመናገር እኔም ስነግረው ከበደኝ።

የመልማዩ ዓይን

ቁጥር ይህን ያህል ከተንገዳገደ በልምድ የበሰለው መልማይ ዓይን ይሻል ይሆን? ዓይን ቁጥር የማያየውን ያያል። ወጣቱ ኳሷ ወደ እርሱ በማትመጣበት ጊዜ እንኳ በሙሉ ኃይሉ ይሮጣል? ከስሕተቱ በኋላ ፊቱ ይወድቃል? ይህን ሰዓት አይለካውም። ነገር ግን ዓይን አንድ በሽታ አለበት፤ አንድ ነገር ከወደደ ሌላውን ሁሉ በዚያው ቀለም ያያል። 4.3 የሮጠውን ልጅ እጁም አእምሮውም ጥሩ መስሎ ይታየዋል።

ለዚህ መድኃኒት ያገኘው በ2002 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት የተቀበለው የሥነ ልቦና ሊቅ ዳንኤል ካህነማን ነው። ካህነማን ገና ሃያዎቹን ሲጀምር፣ በ1955 አካባቢ፣ ለእስራኤል ጦር ወጣት ምልምሎች የሚመዘኑበትን ቃለ መጠይቅ እንዲያሻሽል ታዘዘ። ጠያቂዎቹ ስለ ምልምሉ አጠቃላይ ስሜታቸውን ከመስጠት ይልቅ ስድስት ጠባያትን አንድ በአንድ፣ አንዱን ሳይጨርሱ ወደ ሌላው ሳያልፉ፣ ከ1 እስከ 5 ነጥብ እንዲሰጡ አደረገ። ጠያቂዎቹ ግን "እንደ መሣሪያ ቆጠርከን" ብለው አጉረመረሙ። እርሱም ሲያበቁ ዓይናቸውን ጨፍነው ወታደሩን በሐሳባቸው እንዲያዩትና አንድ ተጨማሪ ነጥብ እንዲሰጡ ፈቀደላቸው። ውጤቱ ከቀድሞው አሠራር እጅግ የተሻለ ሆነ፤ ያች በተጨፈኑ ዓይኖች የተሰጠችው ነጥብም ጥሩ ሆና ተገኘች። ልብ በሉ፤ ስሜቱ የጠቀመው ከልኬቱ በኋላ በመምጣቱ ነው። ቀድሞ ቢመጣ ልኬቱን ያበላሸው ነበር።

ስለዚህ ተቀባይን የሚመለምል ሁሉ አነሣሡን፣ ቶሎ የመቆም ችሎታውን፣ እጁን፣ ጨዋታ የማንበብ ብቃቱን፣ ጤናውን፣ ጽናቱን ለየብቻ ነጥብ ይስጥ፤ ሰዓቱን ደግሞ በመጨረሻ ይይ። ይህ የእኔ ምክር ነው። ዛሬ የሚሠራው ግን በአብዛኛው ተገላቢጦሹ ይመስለኛል።

ምን ያህል ማወቅ ይቻላል?

ይህ ሁሉ ቢደረግ እንኳ ገደብ አለ። ኬድ ማሲ እና በ2017 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሪቻርድ ቴለር በ2013 ባሳተሙት ጥናት የኤን.ኤፍ.ኤል.ን ድራፍት መርምረዋል። በአንድ ቦታ ከሚጫወቱት መካከል አስቀድሞ የተመረጠው ከእርሱ ቀጥሎ ከተመረጠው የመብለጥ ዕድሉ ከመቶ 52 ያህል ብቻ ሆኖ አገኙት። ሳንቲም ብንወረውር 50 እናገኛለን። እነዚህ ቡድኖች ሰፊ የመልማዮች ሠራዊት፣ የቪዲዮ ክምችትና ከፍተኛ ገንዘብ ያላቸው ናቸው። ከዚህ የምረዳው መልማዮቹ ሞኞች መሆናቸውን አይደለም። ወደ ላይ ስንወጣ በተመራጮቹ መካከል ያለው ልዩነት እየጠበበ፣ የጉዳት፣ የአሠልጣኝና የአጋጣሚ ድርሻ እየሰፋ እንደሚሄድ ነው። በ2023 በአምስተኛው ዙር 177ኛ የተመረጠው ፑካ ናኩዋ በመጀመሪያው ዓመቱ 105 ኳስ ተቀብሎ 1,486 ያርድ በመሰብሰብ ለጀማሪ ተቀባይ አዲስ ክብረ ወሰን አስመዝግቧል። ሁሉም ቡድን፣ የመረጠው የሎስ አንጀለስ ራምስ ቡድን ጭምር፣ በተደጋጋሚ አልፎት ነበር።

ታዲያ ለልጁ ምን አልኩት?

በመጨረሻ ለእኅቴ የሰጠኋት መልስ ሁለት ክፍል ነበረው። የመጀመሪያው ግምት ነው። ሰዓቱ በትክክል ቢለካ ደጃፉን ያሳልፈው ይሆናል፤ ከዚያ በላይ አይናገርም። የቡድኑ ድርሻው መልካም ነው፤ ነገር ግን ጎልቶ የወጣው በ21 ዓመቱ ነውና ከሌሎች ዘግይቷል። ሊጉ ለእንዲህ ያሉ ወጣቶች ምክር የሚሰጥበት ኮሚቴ አለው፤ ልጁም የደረሰው መልስ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች እንደማይጠበቅና ወደ ትምህርቱ ቢመለስ እንደሚሻል የሚገልጽ ነበር። እኔ በሰባቱ ዙሮች የመመረጥ ዕድሉን ከአምስት አንድ፣ ምናልባትም ከአሥር አንድ ብዬ ገመትኩ። ይህ ከመነሻው ቁጥር በብዙ እጅ ይበልጣል። ቢሆንም ከአምስት አራቱ በሌላ ወገን ነው።

ሁለተኛው ክፍል ውሳኔ ነው፤ ግምትና ውሳኔ አንድ አይደሉም። ግምቱ አንድ ቢሆንም ሁለት ሰዎች በትክክል የተለያየ ውሳኔ ሊወስኑ ይችላሉ፤ የሚያጡት ይለያያልና። ስሙን አስመዝግቦ ለድራፍቱ የጸና ወጣት ወደ ዩኒቨርሲቲ ቡድኑ መመለስ አይችልም። ያ በር አንዴ ከተዘጋ ተዘጋ። ቢቆይ ደግሞ ሌላ 12 ጨዋታ፣ ማለትም ሁለተኛ ናሙናና ጠባብ የስሕተት ክልል ያገኛል፤ ዲግሪውንም ይይዛል። ከ2021 ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተጫዋቾች ከስማቸውና ከምስላቸው ገቢ እንዲያገኙ ስለተፈቀደ መቆየት እንደ ቀድሞው ባዶ እጅ መቆየት አይደለም።

ነገር ግን መቆየትም ዋጋ አለው። በቀጣዩ ዓመት ጉልበቱ ቢሰበርስ? ስለ ጭንቅላት ጉዳትም ተነጋገርን። በ2017 የታተመ ጥናት ከተመረመሩ 111 የቀድሞ ኤን.ኤፍ.ኤል. ተጫዋቾች አእምሮ በ110ሩ ላይ ተደጋጋሚ ምት የሚያመጣውን የአእምሮ በሽታ አግኝቷል። እዚህም ያው የምርጫ ችግር አለ፤ አእምሮዎቹ ለምርምር የተለገሱ ናቸውና አብዛኛውን ጊዜ ምልክት የታየባቸው ሰዎች ቤተሰቦች ናቸው የሚለግሱት። ስለዚህ ከተጫዋቾች ሁሉ ከመቶ 99ኙ ይታመማሉ ማለት አይደለም። ይሁን እንጂ 110 ቤተሰብ እውነተኛ ሐዘን እንዳየ ያሳያል። ይህን ለእኅቴ ስነግራት ለረዥም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያም "የማይታወቀውን ትተን የሚታወቀውን እንያዝ" አለች። በዚያ ሌሊት ከተነገሩት ሁሉ የተሻለው ሳይንሳዊ ንግግር ይህ ይመስለኛል።

ልጁ ራሱ ወሰነ፤ ለአንድ ዓመት ቆየ። ይህን ያህል ቁጥር ከደረደርኩ በኋላ "የወሰነው ትክክል ነበር፤ እነሆ ውጤቱ!" ብዬ ብጨርስ አንባቢን ደስ ባሰኘሁ። ነገር ግን ነገ ቢመረጥም ባይመረጥም ያ አንድ ውጤት የግምቴን ትክክለኛነት አያረጋግጥም። ዝናብ ከመቶ 20 ይዘንባል ያለ የአየር ትንበያ ባለሙያ አንድ ቀን ስለዘነበ ዋሾ አይባልም። የሚመዘነው እንዲህ ባለባቸው ብዙ ቀናት ድምር ነው። አንድ ወጣት ግን ያለው ሕይወት አንድ ብቻ ነው፤ ድምር የለውም። ስለዚህ ገማቹ በትሕትና ሊገምት፣ ወሳኙ ደግሞ ግምቱ ቢስት እንኳ የሚቆምበት መሬት እንዲኖረው አድርጎ ሊወስን ይገባል።

እናንተም፣ ውድ ተማሪዎች፣ በአንድ ቀን ፈተና፣ በአንድ ቁጥር ተመዝናችሁ እዚህ ደርሳችኋል፤ ወይም ነገ ትመዘናላችሁ። ቁጥሩን አትናቁት፤ ደጃፍ ነው። ቁጥሩ ግን ከደጃፉ ወዲያ ስላለው ቤት ብዙ አያውቅም። የእኅቴ ልጅ ሰሞኑን ደውሎ ነበር። ስለ ሰዓቱ አላነሣም። "ጋሼ፣ አሁን ቶሎ መቆም ተማርኩ" አለኝ።